የዲቪአር ቅጂዬ አልከፈት አለ፤ ሲለወጥ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ቀጥኖ ይሮጣል

መስኮት_ጠባቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ውስጥ አራት ካሜራዎች የተገናኙበት አንድ ዲቪአር (የጥበቃ ካሜራ መቅረጫ) አለ። ከስምንት ቀን በፊት ማታ አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የግቢዬን በር ገጭቶ ሄዷል። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ቪዲዮውን እንዳቀርብ ስለጠየቀኝ፣ ከ21:30 እስከ 22:30 ያለውን የሁለተኛውን ካሜራ ቀረጻ በፍላሽ አወጣሁ። ያገኘሁት እያንዳንዳቸው ወደ 225 ሜጋባይት የሚጠጉ፣ ስማቸው በ«ዳቭ» የሚያልቅ አራት ፋይሎችና አንድ ትንሽ ማጫወቻ ፕሮግራም ነው። የዊንዶውስ ማጫወቻ ፋይሎቹን ጨርሶ አያውቃቸውም፤ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ደግሞ አንዱን ከፍቶ ግራጫ ነገር ብቻ ያሳየኛል።

ተስፋ ስቆርጥ በነፃ የሚለውጥ አንድ ድረ ገጽ ላይ አራቱንም ጫንኳቸውና አንድ ኤምፒ4 ሆነው ተመለሱልኝ። ችግሩ ግን ብዙ ነው። የአንድ ሰዓቱ ቀረጻ 36 ደቂቃ ብቻ ሆኗል፤ ሰዉም መኪናውም ይሯሯጣል። ድምፁ የለም፤ ግጭቱ ግን ከመታየቱ ይልቅ በደንብ የሚሰማ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ቀጥነውና ረዝመው ይታያሉ። ከላይ ጥግ ላይ የነበረው ቀንና ሰዓትም ጠፍቷል። ፍላሹን ለሌላ ሥራ ስለፈለግሁት ዳቮቹን አጥፍቻቸዋለሁ። አሁን በእጄ ያለውን ኤምፒ4 ማስተካከል ይቻላል?

ፈጣን_መልስ፦

ይቻላል። በማንኛውም የቪዲዮ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍተው ፍጥነቱን 60 በመቶ ያድርጉት፤ 36 ደቂቃው ተመልሶ 60 ይሆናል። ስፋቱንም ወደ ጎን ይለጥጡትና ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ያሳልፉት። ቀንና ሰዓቱን በጽሑፍ መጨመር ይችላሉ።

የሽቦው_ሰው፦

ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም ምክሩን አይከተሉ፤ በተለይ የመጨረሻውን። ለማስረጃ በሚቀርብ ቪዲዮ ላይ ቀንና ሰዓት በራስ እጅ መጻፍ ቪዲዮውን አያጠናክረውም፤ «ሌላስ ምን ጨምሮበት ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይጋብዛል እንጂ።

ካሜራ ስገጥም ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሰዎች ቅጂያቸውን የሚያጡት አብዛኛውን ጊዜ በመለወጡ ሥራ ላይ አይደለም፣ እርስዎ አሁን ባሉበት ቦታ ላይ ነው። ዲቪአሩ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ አዲሱን ይጽፍበታል። ስንት ቀን እንደቀረዎት ከሰጡን ቁጥር መገመት ይቻላል። አራቱ ፋይሎች አንድ ላይ 900 ሜጋባይት ናቸው። 900 ሜጋባይት በ8 ሲባዛ 7,200 ሜጋቢት ነው፤ ለ3,600 ሰከንድ ሲካፈል ካሜራው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ይጽፋል ማለት ነው። አራቱም ካሜራዎች በዚሁ መጠን ያለማቋረጥ ከቀረጹ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት፣ በቀን 86.4 ጊጋባይት ይሞላሉ። ዲስክዎ 1 ቴራባይት ከሆነ የሚይዘው ከ11 ቀን ተኩል ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ነው። ስምንቱ ካለፈ፣ የቀረዎት ሦስት ቀን ገደማ ነው። ዲስኩ ከዚያ ካነሰ ደግሞ አሁኑኑ ተነሥተው ወደ መቅረጫው ይሂዱ።

እዚያ ሲደርሱ በመጀመሪያ ያንን ሰዓት ይቆልፉት። ብዙ መቅረጫዎች በፕሌይባክ ገጻቸው ላይ የተመረጠ ፋይል እንዳይደመሰስ የሚያደርግ የመቆለፊያ ምልክት አላቸው። ከሌለው የመደምሰስ ምርጫውን ያጥፉት፤ ዲስኩ ሲሞላ መቅረጹን ያቆማል፤ ያ ለጥቂት ቀን የሚታገሡት ጉዳት ነው። ከዚያ ቅጂውን እንደገና ያውጡ፤ ከክስተቱ በፊትና በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ ጨምረው፣ የሌሎቹንም ካሜራዎች አብረው ይውሰዱ። መኪናው ሲመጣ በአንደኛው ካሜራ ሥር አልፎ ሊሆን ይችላልና፣ ታርጋው ከበሩ ካሜራ ይልቅ እዚያ ጎልቶ ሊገኝ ይችላል።

ፍላሹን በተመለከተ፣ መቅረጫው አላየውም ካለ በፋት32 ፎርማት ያድርጉት፤ አሮጌ መቅረጫዎች ሌላ አይቀበሉም። የፋት32 ገደብ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ነው፤ መቅረጫዎች ቅጂውን ቆራርጠው የሚያወጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ፒክስል_ለቃሚ፦

የሽቦው_ሰው ባሉት ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ዋናውን ሳይዙ ስለመለወጥ ማውራት ትርፉ ድካም ነው። እርስዎ ወደ መቅረጫው ሲሄዱ እኔ ኤምፒ4ው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ላስረዳ፤ አራቱ ችግሮች አራት የተለያዩ ምክንያቶች አሏቸው።

አስቀድሞ መለየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ማሸጊያውና ኮዴኩ። ኮዴኩ ምስሉ የተጨመቀበት ዘዴ ነው። በጥበቃ ካሜራዎች ዘንድ ብዙውን ጊዜ በ2003 የጸደቀው ኤች.264 ወይም በ2013 የጸደቀው ኤች.265 ነው። ማሸጊያው ደግሞ ያንን የተጨመቀ ምስል፣ ድምፁንና እያንዳንዱ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት ነጠላ ሥዕል) መቼ መታየት እንዳለበት የሚናገረውን የጊዜ ምልክት አንድ ላይ የሚይዝ ሣጥን ነው። ኤምፒ4 ሣጥን ነው፤ ኤምኬቪ ሣጥን ነው፤ ዳቭም አምራቾች ለራሳቸው የሠሩት ሣጥን ነው። በዳቭ ውስጥ ያለው ምስል ግን ማንም ሊያነበው የሚችለው ያው የተለመደ ኤች.264 ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ምስሉን ከአንዱ ሣጥን አውጥቶ፣ አንዲት ነጥብ ሳይነኩ፣ በሌላ ሣጥን ማስቀመጥ ነው። ይህ ሥራ ለአንድ ሰዓት ቅጂ ጥቂት ሰከንዶች ቢፈጅ ነው፤ ጥራትም አይቀንስም። ፈጣን_መልስ ያቀረቡት መንገድ ግን ምስሉን ፈትቶ እንደገና መጭመቅ ነው፤ ሰዓት ይፈጃል፣ ጥራትም ይበላል፤ ታርጋ የሚነበብበትን ጥቂት ነጥብ የሚያጠፋውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ችግሮቹ። ያ ድረ ገጽ ሣጥኑን መክፈት ስላልቻለ ቀዶት ጥሬውን የኤች.264 ክር፣ ማለትም ሣጥን የሌለውን የተጨመቀ ምስል ብቻ አወጣ። ጥሬ ክር የጊዜ ምልክት የለውም። የጊዜ ምልክት ያላገኘ ፕሮግራም አንድ ፍጥነት ገምቶ ይሠራል፤ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ካልተነገረው በቀር ጥሬ ክርን በሰከንድ 25 ፍሬም አድርጎ ይወስደዋል። 36 ለ60 ሲካፈል 0.6 ነው፤ 25 በ0.6 ሲባዛ 15። ካሜራዎ የቀረጸው በሰከንድ 15 ፍሬም ነው። መቅረጫው ላይ የኢንኮድ (የምስል መጭመቂያ ቅንብር) ገጹን ቢከፍቱ ይህንን ቁጥር እንደሚያገኙት እገምታለሁ።

የድምፁ ጉዳይ ሌላ ነው። ብዙ መቅረጫዎች ድምፁን የሚይዙት ለስልክ መስመር በ1972 በወጣው ጂ.711 በተባለው ዘዴ ነው። ኤምኬቪ ይህንን ድምፅ እንዳለ ይቀበላል፤ ወደ ኤምፒ4 ሲሄድ ግን ኤፍኤፍኤምፔግ አልቀበልም ይላል። ያ ድረ ገጽ የገጠመውን እምቢታ ድምፁን በመጣል አልፎታል። ምስሉን ሳይነኩ ድምፁን ብቻ ኤምፒ4 ወደሚቀበለው ኤኤሲ ወደተባለው ዘዴ መለወጥ መፍትሔው ነው፤ ድምፅ መለወጥ ለማንም ኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው።

የቀጠኑት ሰዎች ደግሞ መቅረጫዎ 1080ኤን በሚባለው አሠራር እንደሚሠራ ይጠቁማሉ። ይህ አሠራር ቦታ ለመቆጠብ 1920 በ1080 የሆነውን ምስል ወደ ጎን ግማሽ አድርጎ በ960 በ1080 ያስቀምጠዋል፤ ማጫወቻው ሲያሳየው እጥፍ አድርጎ እንዲለጥጠው ይጠበቃል። ሣጥኑ ላይ «16 ለ9 አድርገህ አሳይ» የሚል ምልክት ከሌለ ግን ሁሉም ሰው ሸንበቆ ይመስላል። ይህንንም ሣጥኑ ላይ ምልክት በማኖር ብቻ ማስተካከል ይቻላል፤ ምስሉን መለጠጥ አያስፈልግም።

ቀንና ሰዓቱ የጠፋው፣ ከመጀመሪያውም ምስሉ ላይ ስላልተጻፈ ነው። አንዳንድ መቅረጫዎች ቀኑን ምስሉ ላይ ያትሙታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በሣጥኑ ውስጥ ለብቻው ያስቀምጡትና የራሳቸው ማጫወቻ ብቻ ከላይ ይሥለዋል። የእርስዎ ሁለተኛው ዓይነት ይመስላል። ለዚህ ነው ዋናው ፋይል ሳይነካ መቀመጥ ያለበት፤ ያ መረጃ ከሣጥኑ ጋር ነው የሚኖረው።

ዝምታ_ወርቅ፦

ዲስኩን ራሱን ነቅሎ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት አይቀልም? በፍላሽ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይሻላል ብዬ ነው።

የሽቦው_ሰው፦

አይቀልም፤ አደገኛም ነው። አብዛኞቹ መቅረጫዎች ዲስኩን የሚያደራጁት ዊንዶውስ በማያውቀው በራሳቸው አሠራር ነው። ዲስኩን ሲያገናኙ ዊንዶውስ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎት» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል፤ አንድ ቀን የደከመው ሰው «እሺ» ይላል። ደንበኛዬ ይህንን ሲያደርግ አጠገቡ ቆሜ፣ እጁን ልይዘው ሳልደርስ ቀርቻለሁ። ዲስክ መንቀል መቅረጫው ራሱ ሲሞት የሚደረግ ነገር ነው፤ ያኔም ቢሆን ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጻፍበት ሙሉ ግልባጩን አንሥቶ በግልባጩ ላይ መሥራት ለሚችል ባለሙያ ይተዉት።

ማህደር_ቤት፦

ከቴክኒኩ ወጣ ያለ ነገር ልጨምር። ሥራዬ ሰነድ መያዝ ነው፤ የቪዲዮ ቅጂም ሰነድ ነው።

አቶ መስኮት_ጠባቂ ቅጂውን ሲያወጡ የመቅረጫውን ሰዓት ከስልክዎ ሰዓት ጋር አስተያይተው ልዩነቱን ይጻፉ። የሁለቱን ማያ ገጽ በአንድ ፎቶ ማንሣት የበለጠ ይረዳል። ከበይነመረብ ጋር ያልተገናኘ መቅረጫ ሰዓቱ ቀስ በቀስ መሳቱ የተለመደ ነው፤ የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ደግሞ፣ ሌላው ወገን «በዚያ ሰዓት እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ» ሲል ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። ልዩነት ካገኙም ቅጂውን አውጥተው ሳይጨርሱ ሰዓቱን አያስተካክሉ፤ ወደ ኋላ ሲመልሱት ሁለት የተለያዩ ደቂቃዎች አንድ ስም ይይዛሉና መቅረጫውንም እርስዎንም ግራ ያጋባል።

ዳቮቹ ኮምፒውተርዎ ላይ እንደገቡ፣ ምንም ከመክፈትዎ በፊት የእያንዳንዳቸውን ሻ-256 ያውጡ። ይህ ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚገኝ ባለ 64 ፊደልና ቁጥር አሻራ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትቀየር አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሰቨን-ዚፕ ካለዎት በፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ ሲያደርጉ ያገኙታል፤ የዊንዶውስ ፓወርሼልም ያወጣዋል። አሻራዎቹን፣ ያወጡበትን ቀን፣ የካሜራውን ቁጥርና የሰዓቱን ልዩነት በአንድ የጽሑፍ ፋይል መዝግበው ለራስዎ በኢሜይል ይላኩት። ኢሜይሉ በዚያ ቀን ያ ፋይል በእጅዎ እንደነበረ ያሳያል።

ለድርጅቱ የሚያስገቡትም ሁለቱን ነው፤ ያልተነካውን ዳቭ ከማጫወቻው ጋር፣ ለማየት የሚቀለውን ኤምፒ4 ደግሞ በተጨማሪ። ኤምፒ4ውን ብቻ አይስጡ።

መስኮት_ጠባቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲስኩ 1 ቴራባይት ነው፤ ቀረጻው እንዳለ አገኘሁት። ቆልፌዋለሁ፤ የአራቱንም ካሜራ ከ21:20 እስከ 22:40 አውጥቻለሁ። የኢንኮድ ገጹ ላይ በእርግጥም «1080ኤን፣ 15» ይላል፤ ሳነበው ትንሽ ደንገጥ ብያለሁ። የመቅረጫው ሰዓት ከስልኬ በ7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይቀድማል፤ ፎቶ አንሥቻለሁ። አሻራዎቹንም መዝግቤያለሁ።

አሁን የምለውጠው በምንድን ነው? ጥቁር መስኮት ላይ ትዕዛዝ መጻፍ አልወድም፤ ግን ካስፈለገ እጽፋለሁ። ደግሞስ ቪኤልሲ ለምን ግራጫ ያሳየኛል?

ፒክስል_ለቃሚ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። በተጨመቀ ቪዲዮ ውስጥ ሙሉ ሥዕል የያዙት ጥቂት ፍሬሞች ናቸው፤ ቁልፍ ፍሬም ይባላሉ። ሌሎቹ «ከቀድሞው ፍሬም ይህ ተለውጧል» የሚል ማስታወሻ ብቻ ናቸው። ማጫወቻው ቁልፍ ፍሬሙን ካላገኘ ወይም የሣጥኑን ባዕድ ጽሑፍ እንደ ምስል ካነበበ፣ ለውጦቹን የሚሥልበት መነሻ ስለሌለው ግራጫ ሜዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ያሳያል። ቅጂዎ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

መንገዶቹን ከሚቀለው ልጀምር። በመጀመሪያ አብሮ የወጣውን ማጫወቻ ይሞክሩ። ብዙዎቹ ወደ ኤምፒ4 ወይም ወደ ኤቪአይ የሚያስቀምጡበት አዝራር አላቸው፤ ሣጥኑን የሠራው ያው አምራች ስለሆነ ጊዜውን በትክክል ያነባል፤ ቀንና ሰዓቱን ምስሉ ላይ እንዲያትም የሚያስችል ምርጫ ያላቸውም አሉ። ማጫወቻውን ግን ከመቅረጫው ከወጣው ፎልደር ወይም ከአምራቹ ገጽ ብቻ ይውሰዱ። «የዳቭ ማጫወቻ በነፃ» የሚሉ ገጾች ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ምን ይዘው እንደሚመጡ አይታወቅም።

ሁለተኛው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። በ2000 የተጀመረ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ የዳቭን ሣጥን የሚከፍት ክፍል ስላለው አዲሱን እትም ከጫኑ የጊዜ ምልክቶቹን ከነቦታቸው ያነባቸዋል፤ የ36 ደቂቃው ችግር ጨርሶ አይነሣም። ትዕዛዙ ረጅም አይደለም፤ መነሻውን ፋይል ይነግሩታል፣ ለምስሉ «ኮፒ»፣ ለድምፁ «ኤኤሲ» ይሉታል፣ የማሳያውን ምጥጥን 16 ለ9 ያደርጋሉ፣ የመድረሻውን ስም ይሰጡታል። ምስሉ ኮፒ በሚደረግበት ጊዜ ምጥጥኑ የሚጻፈው ሣጥኑ ላይ ብቻ ነው፤ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ጥሬ ክር ብቻ በእጃቸው ለቀረ ሰዎች ነው። ኤምኬቪቱልኒክስ በመስኮት የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ፋይሉን ሲያስገቡ የምስሉን መስመር ይመርጡና በቀኝ በኩል የፍሬም ፍጥነቱን 15፣ የምጥጥኑን ቦታ 16 ለ9 ብለው ይሞላሉ። የሚያወጣው ኤምኬቪ ብቻ ነው። ይህንኑ በኤፍኤፍኤምፔግ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፤ 15 የሚለው ቁጥር ከመነሻው ፋይል ስም በፊት መምጣት አለበት። በፊት ሲመጣ «የምታነበው ነገር በሰከንድ 15 ነው» ማለት ነው፤ ከኋላ ሲመጣ «የምትጽፈውን 15 አድርገው» ይሆናል፤ ፕሮግራሙም 25 ብሎ ገምቶ ያነበበውን ፍሬም እየጣለ 15 ያደርገዋል፤ ሩጫው እንዳለ ሆኖ ምስሉ ደግሞ ይንተፋተፋል። በዚህ ብዙ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

መስኮት_ጠባቂ፦

ማጫወቻው ኤምፒ4 አወጣልኝ፤ ርዝመቱ ትክክል ነው፣ ቀንና ሰዓቱም ታትሞ ወጥቷል። ነገር ግን ፋይሉ ከዳቩ በጣም ያንሳል፤ ምስሉም የደበዘዘ መሰለኝ። በኤፍኤፍኤምፔግ የሠራሁት ግን ልክ እንደ ዋናው ጥርት ያለ ነው፤ ድምፁም አለ፤ ቀኑ ብቻ የለም። የትኛውን ልስጥ?

ፒክስል_ለቃሚ፦

ጥሩ ነው ያስተዋሉት። ቀኑን ምስሉ ላይ ለማተም ምስሉን ፈትቶ እንደገና መጭመቅ የግድ ነው፤ የእርስዎ ማጫወቻ ይህንን ያደረገው በዝቅተኛ ጥራት ነው። ሁለቱንም ይስጡ፤ የደበዘዘው ሰዓቱን ያሳያል፣ የጠራው ታርጋውን። ስማቸውን ለይተው፣ እንዴት እንደተገኙ ማህደር_ቤት ባሉት ማስታወሻ ውስጥ ይጻፉ።

የ80 ደቂቃ ቪዲዮ ማንም ተቀምጦ አያይምና አጭር ቁራጭም ያዘጋጁ። ሎስለስከት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ምስሉን እንደገና ሳይጨምቅ ይቆርጣል። የመረጡት ሰከንድ ላይ በትክክል አልቆርጥ ቢልዎት አይናደዱበት፤ መቁረጥ የሚችለው ቁልፍ ፍሬም ላይ ብቻ ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። መቅረጫው ቦታ ለመቆጠብ ቁልፍ ፍሬሞቹን የሚያራርቅ አሠራር በርቶበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሆናል። ከክስተቱ አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ መቁረጥ ነው።

ዝምታ_ወርቅ፦

ውይይቱን ላለማጣመም እየፈራሁ አንድ ተመሳሳይ ጥያቄ ላንሣ። የእኔ ኤንቪአር (በኔትወርክ ካሜራዎች የሚሠራ መቅረጫ) ነው፤ ቅጂ የማወጣው በኔትወርክ ከኮምፒውተር ነው። ገጹ «ፕለጊን ጫን» ይለኛል፤ ብጭነውም በክሮም አይሠራም። በስልክ አፕ ያወጣሁት ደግሞ እጅግ ደብዛዛ ነው። ከዚህ ቀደም ያወጣሁት ቅጂም ኤች.265 ስለሆነ የዘመድ ኮምፒውተር ላይ ድምፅ እንጂ ምስል አልሰጠም።

የሽቦው_ሰው፦

ሦስቱንም ባጭሩ። ያ ፕለጊን የተሠራው ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነው፤ እሱ ደግሞ በጁን 15 ቀን 2022 ከአገልግሎት ወጥቷል። በማይክሮሶፍት ኤጅ ማሰሻ ውስጥ «የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ» የሚባል ምርጫ አለ፤ ማይክሮሶፍት ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚያቆየው አስታውቋል። የመቅረጫውን አድራሻ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ቢያስገቡት ፕለጊኑ አብዛኛውን ጊዜ ይነሣል። የአምራቹ የኮምፒውተር ፕሮግራም ካለ ግን እሱ ይሻላል።

የስልኩ ቅጂ የደበዘዘው አፑ ሰብ ስትሪሙን ስለሚወስድ ነው። ካሜራው ሁለት ምስል በአንድ ጊዜ ይልካል፤ ሙሉ ጥራት ያለውን ሜይን ስትሪምና በስልክ በቀላሉ እንዲታይ የተቀነሰውን ሰብ ስትሪም። በሚያወጡበት ጊዜ ሜይን ስትሪም የሚለው መመረጡን ያረጋግጡ። ኤንቪአሩ ሜይኑን የማይቀርጽ ሆኖ የተዋቀረ ከሆነ ግን ያለፈውን የሚመልስ ዘዴ የለም።

ሦስተኛውን ለፒክስል_ለቃሚ እተዋለሁ።

ፒክስል_ለቃሚ፦

በዘመድዎ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ ቢጫን ያለምንም መለወጥ ያጫውተዋል፤ የዊንዶውስ የራሱ ማጫወቻ ግን ለኤች.265 ተጨማሪ ክፍል ይፈልጋል። የግድ መለወጥ ካለበት ሃንድብሬክ ቦታው እዚህ ነው፤ ፈጣን_መልስ ስሙን ያለቦታው ጠሩት እንጂ መልካም ፕሮግራም ነው። ኤች.264 ይምረጡ፤ የጥራት ቁጥሩን በ18 እና በ20 መካከል ያድርጉት፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ እንደሚጨምር አይርሱ። የፍሬም ፍጥነቱን «እንደ ምንጩ» በሚለው ይተዉት፤ ምስል የሚያለሰልሱ ማጣሪያዎችን ሁሉ ያጥፉ። የሌሊት ምስል ላይ ያለው ነጠብጣብ ዓይን ቢያስቀይምም፣ ማጣሪያው ነጠብጣቡን ሲያጠፋ የታርጋውን ቁጥር ጠርዝም አብሮ ይወስደዋል። ከማጣሪያ የምፈቅደው አንድ ብቻ ነው፤ ከአሮጌ አናሎግ መቅረጫ የወጣ ምስል የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ካሳየ የዲኢንተርሌስ ማጣሪያውን ማብራት። ኤች.265 በተመሳሳይ ጥራት ከኤች.264 ግማሽ ያህል ቦታ ስለሚይዝ፣ የሚወጣው ፋይል ከገባው ቢገዝፍ አይገረሙ።

ፈጣን_መልስ፦

ተቀብያለሁ። በእኔ በኩል ሁልጊዜ የምሠራው ለቤተሰብ የሚታይ ቪዲዮ ስለሆነ ማስረጃ መሆኑን ልብ አላልኩም።

መስኮት_ጠባቂ፦

ትናንት አስገብቻለሁ፤ ዳቮቹን፣ ማጫወቻውን፣ ሁለቱን ኤምፒ4ዎች፣ የሁለት ደቂቃ ቁራጩንና ማስታወሻውን። ግጭቱ በመቅረጫው ሰዓት 21:52:10 ላይ ነው፤ 7 ደቂቃ ከ20 ሰከንዱ ሲቀነስ 21:44:50 ይሆናል። የተቀበለኝ ሠራተኛ በመጀመሪያ የጠየቀኝ የሰዓቱን ልዩነት ነው።

የሽቦው_ሰው እንዳሉት መኪናው በአንደኛው ካሜራ ሥር አልፏል። ታርጋው ከሁለት ቁጥሮች በቀር ይነበባል። እነዚያን ሁለቱን የሚያጠራ ፕሮግራም ይኖራል?

ፒክስል_ለቃሚ፦

«በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያጠራል» ከሚሉት ይራቁ፤ እነሱ የሌለውን ቁጥር ይሥላሉ እንጂ ያለውን አያነቡም፤ የሥሉትም ቁጥር የሌላ ሰው ታርጋ ሊሆን ይችላል። ዋናውን ቅጂ በቪኤልሲ ከፍተው አቁመው የ«ኢ» ቁልፍን ደጋግመው ይጫኑ፤ አንድ አንድ ፍሬም ይሄዳል። በሰከንድ 15 ፍሬም ስለሆነ መኪናው ለሁለት ሰከንድ ከታየ 30 ሥዕል አለዎት። በአንዱ የመብራቱ ነጸብራቅ ይሸፍነዋል፣ በሌላው ይገለጣል። ቁልፍ ፍሬም የሆነው ሥዕል ከጎረቤቶቹ ይልቅ ጠርቶ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ድንገት ጥርት ያለ ሥዕል ካገኙ እሱን ያዙ። ሲያስቀምጡት በፒኤንጂ ይሁን፤ ጄፔግ እንደገና ይጨምቀዋል።

መስኮት_ጠባቂ፦

አንዱ ቁጥር 4 ነው፤ በ19ኛው ሥዕል ላይ ወጣ። ሌላው አልወጣም፤ እንዳለ ባዶ አድርጌ ጽፌዋለሁ። የመቅረጫውንም ሰዓት ዛሬ አስተካክያለሁ፤ የፍሬም ፍጥነቱን ግን ወደ 25 ላሳድገው ብል ዲስኩ ስንት ቀን ይይዝልኛል?

የሽቦው_ሰው፦

በሰከንድ የሚጻፈው ቢት 2 ሜጋቢት ላይ ከተወሰነ ቀኑ አይለወጥም፤ ግን ያው ቢት ለ25 ፍሬም ስለሚከፋፈል እያንዳንዱ ሥዕል ይደበዝዛል። ሌሊት የቆመ መኪና ታርጋ ለማንበብ 15ቱ ይበቃዎታል። መለወጥ ካለብዎት 15ቱን ትተው ቢቱን ወደ 3 ያሳድጉት፤ በቀን 129.6 ጊጋባይት ይሆናል፣ ዲስኩም ስምንት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይሞላል። አራቱንም ከማሳደግ ግን የመጀመሪያውን ካሜራ ብቻ ያሳድጉ፤ ታርጋ የሚያልፈው በእሱ ሥር ነው።